ሶፋ ላይ ሆኖ ጌም ለመጫወት የትኛው ኪቦርድና ማውዝ ይሻላል? የዋየርለስ አማራጮች ንጽጽር ለጅማ ተጫዋቾች

ለኮምፒውተር የሚሆን የተለየ ክፍልና ጠረጴዛ በሌለበት ቤት፣ ላፕቶፑን በኤችዲኤምአይ ገመድ ከሳሎኑ ቲቪ ጋር አገናኝቶ ሶፋ ላይ መጫወት የተለመደ መፍትሔ ነው። ስክሪኑ ሰፊ ነው፣ ወገብ ያርፋል፣ ቤተሰቡም አብሮ ያያል። ግራ መጋባቱ የሚጀምረው ኪቦርድና ማውዝ ለመግዛት ሱቅ ሲገባ ነው። በመስታወቱ ውስጥ የተደረደረው ሳጥን ሁሉ «ዋየርለስ» ይላል፤ አብዛኛው «ጌሚንግ» የሚል ጽሑፍ ተጨምሮበታል፤ ዋጋው ግን አንዱ ከሌላው ብዙ እጥፍ ይራራቃል። ልዩነቱ ከምን እንደመጣ ሳጥኑ አይናገርም፤ ሻጩም ቢጠየቅ ብዙ ጊዜ የሚመልሰው «ይሄኛው ኦርጅናል ነው» ብሎ ነው።

በዚህ መመሪያ መመዘኛዎቹን አስቀድሜ፣ ከዚያ እያንዳንዱን አማራጭ በእነዚያ እመዝናለሁ። የራሴን አቋም ግን ከመነሻው መናገር እፈልጋለሁ፦ ሶፋ ላይ ለሚጫወት ሰው ከሁሉ በፊት መወሰን ያለበት የዋየርለሱ ዓይነት ሳይሆን ማውዙ የሚንቀሳቀስበት ቦታ ነው። ውድ ማውዝ ገዝቶ ጋቢ ላይ የሚያንሸራትት ሰው ርካሽ ማውዝ ገዝቶ ጣውላ ላይ በሚያንቀሳቅስ ሰው ይበለጣል።

ስለ አንድ ቃል ማሳሰቢያ ያስፈልጋል። በየቤታችን «ሪሲቨር» ሲባል የሚታሰበው የዲሹ ሪሲቨር ስለሆነ፣ ዩኤስቢ ላይ የሚሰካውንና ጥፍር የሚያህለውን የማውዝ ተቀባይ በዚህ ጽሑፍ «ዶንግል» እለዋለሁ።

መጀመሪያ ማውዙ የት ያርፋል?

ዛሬ የሚሸጠው ማውዝ ሁሉ ማለት ይቻላል ኦፕቲካል ነው። ከሥሩ ያለው ትንሽ መብራት ገጹን ያበራል፤ አጠገቡ ያለው ጥቃቅን ካሜራ በሰከንድ በሺዎች የሚቆጠር ምስል ያነሳል፤ ማውዙ ወዴትና ምን ያህል እንደሄደ የሚያውቀው ተከታታዮቹን ምስሎች በማነጻጸር ነው። ይህ እንዲሆን በካሜራውና በገጹ መካከል ያለው ርቀት መለዋወጥ የለበትም። የሶፋ ልብስ በተጫነ ቁጥር ይሰረጉዳል፤ ጋቢ ይተጣጠፋል፤ ጭን ደግሞ ክብ ነው። በእነዚህ ላይ ጠቋሚው ይዘላል ወይም ይቆማል፤ ገዢው ግን ማውዙ የተበላሸ ይመስለዋል። የመስታወት ጠረጴዛና የሚያብረቀርቅ የብረት ትሪም አይሆኑም፤ መስታወቱ ብርሃኑን ያሳልፋል፣ ትሪው ደግሞ እንደ መስተዋት ይመልሰዋል፤ ካሜራው የሚያነጻጽረው ነገር ያጣል።

የሶፋው ክንድ ለጊዜው መፍትሔ ይመስላል። ነገር ግን ብዙውን ጊዜ ከክርን ከፍ ይላል፣ ጠባብ ነው፣ ወደ ውጭም ያዘቀዝቃል፤ አንድ ሰዓት የተጫወተበት ሰው ትከሻው እንደተሰቀለ ይነሳል። የሻይ ጠረጴዛው ደግሞ በጣም ዝቅ ስለሚል ወደፊት ያጎነብሳል፤ ይህ ከሆነ ሶፋ ላይ መቀመጡ ራሱ ትርጉም ያጣል።

ስለዚህ የሚያስፈልገው በሁለቱም ጭኖች ላይ የሚጋደም የጭን ሰሌዳ ነው። እንደ ኮርሴርና ሬዘር ያሉ አምራቾች ኪቦርዱን ከሰሌዳ ወይም ከማውዝ መጫወቻ ጋር አዋህደው ለሶፋ ተብሎ የተሠራ ዕቃ አውጥተዋል፤ እዚህ ፈልጎ ማግኘት ግን አስቸጋሪ ነው። ደግነቱ የምንኖረው በእንጨት ሥራ በምትታወቅ ከተማ ነው። ከአንድ ግንድ ተጠርቦ የሚወጣውን ባለሦስት እግር የጅማ በርጩማ የሚሠራ እጅ ባለበት ከተማ የጭን ሰሌዳ ከውጭ ማስመጣት አያስፈልግም።

መጠኑን አስልቶ መሄድ ግን የገዢው ድርሻ ነው። የቁጥር ክፍል የሌለው ባለ87 ቁልፍ ኪቦርድ 36 ሴንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ለማውዙ ቢያንስ 25 ሴንቲ ሜትር ያስፈልጋል፤ ጠርዝ ሲጨመር ርዝመቱ 65፣ ስፋቱ 30 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። በዚህ መጠን 8 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ከ1 ኪሎ በታች ይመዝናል። 18 ሚሊ ሜትር ኤምዲኤፍ ግን ወደ 2.5 ኪሎ ይጠጋል፤ ይህም ማታ ሙሉ ጭን ላይ ሲቆይ እግር ያደነዝዛል። የዋንዛ ጣውላ ያማረና ቀላል እንጨት ነው፤ ዋጋው ግን ከኮምፔንሳቶ ይበልጣል።

እኔ ያሠራሁት ሂርማታ መርካቶ አካባቢ ከሚሠሩ አንድ አናጺ ዘንድ ነበር። ልኩን በወረቀት ስሰጣቸው «የቡና ትሪ ነው እንዴ ልጄ?» ብለው ጠየቁኝ፤ ሥራውን ሳስረዳቸው ግን እኔ ያላሰብኳቸውን ሁለት ነገሮች ጨመሩ። አንደኛው፣ ክንድ የሚያርፍበትን የፊተኛውን ጠርዝ በብርጭቆ ወረቀት ለረጅም ጊዜ አሽተው አጎበጡት፤ ስለት ያለው ጠርዝ የክንድን ሥር እንደሚጫን ያወቅሁት ሌላ ሰሌዳ ከሞከርኩ በኋላ ነው። ሁለተኛው፣ ማውዙ እንዳይወድቅ በቀኝ ጠርዝ በኩል የጣት ውፍረት የማይሞላ ቀጭን ከንፈር በኮላ ለጠፉበት። እኔ ከሥሩ ሁለት ቁራጭ ስፖንጅ ጨመርኩ፤ ጋቢ ላይ አይንሸራተትም። ቫርኒሹ የሚያብረቀርቅ እንዳይሆን ማስጠንቀቅ ይገባል፤ ካብረቀረቀ ግን የጨርቅ ማውዝ ፓድ ማንጠፍ ይበቃል። በግራ እጁ የሚጫወት ሰው ከንፈሩን በግራ በኩል ያስደርግ።

መጅሊስ ላይ ለሚቀመጥ ሰው ሰሌዳው ይበልጥ ይመቻል፤ እግር ሲቆላለፍ ሁለቱ ጉልበቶች ሰፊ መቀመጫ ይሆኑለታል። በርጩማ ላይ ግን ጉልበት ከወገብ ከፍ ስለሚል ሰሌዳው ወደ ሆድ ያዘነብላል፤ ለረጅም ጨዋታ አልመክረውም።

ሁለተኛ፣ ሲግናሉ ከሶፋው ይደርሳል?

ሳጥኑ «10 ሜትር» ይላል። ይህ በባዶ ሜዳ እውነት ነው። በሳሎን ግን ዶንግሉ ኮምፒውተሩ ኋላ ይሰካል፤ ኮምፒውተሩ ከቲቪው ኋላ ወይም ቡፌው ውስጥ ይቀመጣል፤ መካከል ላይ ብረት፣ እንጨትና የሰው አካል ይገባሉ። እነዚህ ዶንግሎችም ሆኑ ብሉቱዝ የሚሠሩት በ2.4 ጊጋ ሄርዝ ነው፤ ብዙ የዋይፋይ ራውተሮችም እዚያው ሞገድ ላይ ናቸው። የሰው አካል በአብዛኛው ውሃ ስለሆነ ይህን ሞገድ ይውጠዋል፤ ከፊት ለፊት ሰው ባለፈ ቁጥር ማውዙ የሚንተባተበው ለዚህ ነው።

ከሁሉ የተሰወረው ጠንቅ ግን ሰማያዊው ዩኤስቢ ነው። ዩኤስቢ 3.0 ሥራ ላይ ሲሆን በ2.4 ጊጋ ሄርዝ አካባቢ የሚረብሽ ድምፅ አልባ ጫጫታ ያወጣል፤ ኢንቴል ራሱ እ.ኤ.አ. በ2012 ይህንን ለክቶ አሳውቋል። እኔ ይህን ሳላውቅ አንድ ክረምት ሙሉ ተቸግሬያለሁ። የገዛሁት ማውዝ በየጥቂት ሰከንዱ ይቆም ነበር፤ ሻጩ እንዲቀይርልኝ ተከራከርኩ፤ ቀየረልኝ፤ የተቀየረውም ያው ሆነ። በኋላ ስመለከት ዶንግሉ የተሰካው ፊልምና ጌም ከሞላበት ሃርድ ዲስክ ጎን ባለው ሰማያዊ ቀዳዳ ላይ ነበር፤ ጌሙም ከዚያው ሃርድ ዲስክ ላይ ይነበብ ነበር። አንድ ሜትር ተኩል የዩኤስቢ ማራዘሚያ ገዝቼ ዶንግሉን ከቲቪው እግር ፊት ለፊት፣ ሶፋውን እንዲያይ አድርጌ ሳስቀምጠው ችግሩ በዚያው ቅጽበት ቆመ። ያ ማራዘሚያ ከማውዙ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ምንም ማለት አልነበረም። ስለዚህ ማንኛውንም ባለዶንግል ዕቃ የሚገዛ ሰው ማራዘሚያውን የዋጋው አካል አድርጎ ይቁጠረው።

ሦስተኛ፣ መዘግየት

በዚህ ላይ ብዙ ማስታወቂያ ስላለ ሒሳቡን መሥራት ይሻላል። 60 ሄርዝ የሆነ ቲቪ አንዱን ምስል ለ16.7 ሚሊ ሰከንድ ያሳያል። ርካሹ ዋየርለስ ማውዝ አብዛኛውን ጊዜ በሰከንድ 125 ጊዜ፣ ማለትም በየ8 ሚሊ ሰከንዱ ለኮምፒውተሩ ይናገራል፤ የጌም ደረጃ ያለው ደግሞ 1000 ጊዜ፣ ማለትም በየ1 ሚሊ ሰከንዱ። የሁለቱ ልዩነት 7 ሚሊ ሰከንድ ነው፤ የአንድ ምስል ግማሽ እንኳ አይሞላም። ቲቪው ግን ምስሉን ለማሳመር በሚያደርገው ሥራ ብዙ ጊዜ ከ50 ሚሊ ሰከንድ በላይ ይጨምራል። በመሆኑም አዲስ ማውዝ ከመግዛት በፊት በቲቪው ቅንብር ውስጥ «ጌም ሞድ» የሚለውን ፈልጎ ማብራት ምንም የማያስወጣ፣ ከማንኛውም ማውዝ የሚበልጥ ማሻሻያ ነው። በአንዳንድ ቲቪዎች የሚገኘው በሥዕል ምርጫዎች ውስጥ ነው፤ በሌሎች ደግሞ የኤችዲኤምአዩን ቀዳዳ ስም ወደ «ፒሲ» መቀየር ያስፈልጋል።

ስለ ዲፒአይም፣ ማለትም ማውዙ አንድ ኢንች ሲንቀሳቀስ ጠቋሚው ስለሚሄደው የፒክሴል ብዛት፣ እንዲሁ ነው። 1600 ዲፒአይ ላይ ማውዙን 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ማንቀሳቀስ 1920 ፒክሴል ስፋት ያለውን ስክሪን ከዳር እስከ ዳር ያሻግራል። ሳጥኑ ላይ 16000 ተብሎ ለተጻፈ ቁጥር ብር መጨመር አያስፈልግም።

አራተኛ፣ ኃይል

መብራት ሲሄድ ቲቪውም ስለሚጠፋ ማውዙ ቻርጅ ባይኖረው ግድ የለም ይባል ይሆናል። ችግሩ መብራት ሲመጣ ነው፤ ሁለት ሰዓት ጠብቆ ሊጫወት የተቀመጠ ሰው ማውዙ ባዶ ሆኖ ያገኘዋል። የባትሪ ድንጋይ የሚበላ ማውዝ እዚህ ላይ ይበልጣል፤ ከሰፈር ሱቅ ድንጋይ ገዝቶ መቀየር የአንድ ደቂቃ ጉዳይ ነው። በተለይ ለማውዝ አልካላይን የሆነውን መግዛት ያዋጣል፤ ተራው ድንጋይ ሲያልቅ አሲድ እያፈሰሰ የብረት ምላሶቹን ይበላል፤ በጅማ እርጥበት ደግሞ ዝገቱ ይፈጥናል። ለሳምንታት የማይጫወት ሰው ድንጋዩን አውጥቶ ያስቀምጥ።

በውስጡ የሚሞላ ባትሪ ያለው ዕቃ በአንጻሩ ድንጋይ አያስገዛም፤ በፓወር ባንክም ይሞላል። ሲገዛ መጠየቅ ያለበት አንድ ነገር ነው፦ ቻርጅ እየተደረገ ይሠራል ወይስ አይሠራም? ኪቦርዱ መብራት ያለው ከሆነ ያንን ማጥፋት ባትሪውን እጅግ ያቆየዋል።

አምስተኛ፣ ቁልፎቹ

ርካሽ ኪቦርዶች ከሥራቸው ያለው የሽቦ አሰላለፍ ቀለል ያለ ስለሆነ የተወሰኑ ሦስት ቁልፎች አብረው ሲጫኑ ሦስተኛውን አያዩትም። ሮጦ እየዘለለ ወደ ጎን የሚዞር ተጫዋች የደብልዩ (W)፣ የኤ (A)፣ የሺፍትና የስፔስ ቁልፎችን በአንድ ጊዜ ይይዛል፤ ከእነዚህ አንዱ ሲቀር ገጸ ባሕርዩ ከገደል ይወድቃል። ለጌም የተሠሩት ቢያንስ 6 ቁልፍ አብሮ ይቀበላሉ። ከዚህ ሌላ መካኒካል ኪቦርድ የጣት ስሜቱ ጥሩ ቢሆንም ብዙዎቹ ከባድና ጯሂ ናቸው፤ ከሳሎኑ አጠገብ ሰው የሚተኛ ከሆነ ቀጫጭን ቁልፍ ያለው ይመረጣል።

ስድስተኛ፣ የሚተካው ይገኛል?

ዶንግሉ የጠፋበት ርካሽ ማውዝ በአብዛኛው የተጣለ ዕቃ ነው፤ ከፋብሪካ ሲወጣ የተቆራኘው ከዚያው ዶንግል ጋር ብቻ ነውና። አንዳንድ አምራቾች ግን ለብቻው የሚሸጥ ዶንግል አላቸው፤ በሶፍትዌርም እንዲቆራኝ ይፈቅዳሉ። ከአዲስ አበባ የሚያስመጣ ሰው ደግሞ ለመመለስ 350 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ እንዳለ አስቦ ይወስን።

አማራጮቹ በእነዚህ ሲመዘኑ

*ርካሽ ባለዶንግል ኮምቦ።* ኪቦርድና ማውዝ በአንድ ሳጥን፣ በአንድ ዶንግል የሚሠሩ ናቸው። መዘግየታቸው ከላይ እንደተሰላው ለአብዛኛው ሰው አይታወቅም። ድክመታቸው ኪቦርዱ ነው፤ የቁጥር ክፍል ያለው ሙሉ ኪቦርድ 44 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሚረዝም ከሰሌዳው ላይ የማውዙን ቦታ ይሻማል፤ ብዙ ቁልፍ አብሮ መጫንም ላይችል ይችላል። ለስትራቴጂ ጌም፣ ለእርሻና ለከተማ ግንባታ ጌም፣ ታሪክ ላይ ላተኮሩ ጌሞች ይህ በቂ ነው ብዬ አምናለሁ። ብዙ ሰው ከዚህ በላይ የሚያወጣው ሳያስፈልገው ነው።

*ብሉቱዝ።* ዶንግል ስለሌለው የሚጠፋ ነገር የለውም፤ ከላፕቶፕ፣ ከስልክና ከአንዳንድ ስማርት ቲቪ ጋር በየተራ ይሠራል። ነገር ግን ኃይል ለመቆጠብ ቶሎ ይተኛል፤ ሲነቃ አንድ ሁለት ሰከንድ ይፈጃል፤ ይህ በጨዋታ መካከል ያናድዳል። አሁን ገበያ ላይ ያሉት የብሉቱዝ ማውዞችም ቢፈጥኑ በየ7.5 ሚሊ ሰከንዱ ነው የሚናገሩት፤ የብሉቱዝ ማዳመጫ አብሮ ከተከፈተ ደግሞ ሁለቱ አንዱን ራዲዮ ይጋራሉ። ቆየት ያለ ዴስክቶፕ ብሉቱዝ ላይኖረው ይችላል፤ ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት ባለው ገጽ ላይም ኪቦርዱ አብዛኛውን ጊዜ አይሠራም። ቀን የሚጽፍበት፣ ማታ አልፎ አልፎ የሚጫወትበት ሰው ይግዛው፤ ዋና ዓላማው ጌም የሆነ ሰው ግን አይግዛው።

*የጌም ደረጃ ያለው ባለ2.4 ጊጋ ሄርዝ።* ፍጥነቱ ከገመድ አይለይም፤ ዳሳሹ (ከሥሩ ያለው ካሜራ) የተሻለ ነው፤ ማውዙም ቀላል ነው። ዋጋው ግን ይከብዳል። ምክሬ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ አለመግዛት ነው። በተኩስ ጌም ውስጥ ማነጣጠርን የሚወስነው ማውዙ ስለሆነ በቅድሚያ ማውዙን ብቻ ገዝቶ ከቀድሞው ኪቦርድ ጋር መጠቀም፣ ገንዘብ ሲገኝ ደግሞ ባለ87 ቁልፍ ወይም ከዚያ ያነሰ ኪቦርድ መጨመር ይቻላል። ሁለት ዶንግል መሰካቱ ጉዳት የለውም፤ ሁለቱን ማጠጋጋት ግን አይመከርም።

*ትራክፓድ ያለው ኪቦርድ።* ማውዙ በኪቦርዱ ቀኝ ዳር በጣት በሚነካ ሰሌዳ የተተካበት ነው። ሎጂቴክ ኬ400 ፕላስ የሚባለው የዚህ ዓይነት ነው፤ በሁለት ድንጋይ እስከ 18 ወር እንደሚሠራ አምራቹ ይገልጻል። ፊልም ለመምረጥ ምቹ ነው፣ የጭን ሰሌዳም አይፈልግም። በትራክፓድ ማነጣጠር ግን አይቻልም ማለት ይቀላል። ለጌም አልመርጠውም።

*ትራክቦል።* ማውዙ ራሱ አይንቀሳቀስም፤ በላዩ ያለችውን ኳስ አውራ ጣት ወይም ሌሎች ጣቶች ያሽከረክሯታል። ስለዚህ ሶፋ ላይም ጋቢ ላይም ይሠራል፤ የመጀመሪያውን ችግር ከሥሩ የሚነቅል ማውዝ ይህ ብቻ ነው። እጅ እስኪለምደው ሳምንታት ይፈጃል፤ ሱቅም ብዙ አይታይም። የእጅ አንጓ ሕመም ላለበት ሰው ቢፈለግ የሚያስቆጭ አይደለም።

*ባለገመድ ከማራዘሚያ ጋር።* የንጽጽሩ ርዕስ ዋየርለስ ቢሆንም ይህን መዝለል ለገዢው ታማኝ አለመሆን ነው። ቲቪውና ሶፋው 3 ሜትር ያህል ብቻ የሚራራቁ ከሆነ በቤት ያለውን ባለገመድ ኪቦርድና ማውዝ አንድ ማራዘሚያ ላይ ማገናኘት ድንጋይም፣ ቻርጅም፣ ሲግናልም አያስጨንቅም። ዩኤስቢ 2.0 ለአንድ ገመድ ያስቀመጠው ወሰን 5 ሜትር ነው፤ ዝቅተኛ ፍጥነት ላላቸው ብዙ ኪቦርዶችና ማውዞች ደግሞ 3 ሜትር፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ሲግናሉን የሚያጠናክር ባለኃይል ማራዘሚያ ይፈለጋል። አደጋው ወለሉ ላይ ነው። ቡና ተፈልቶ ጀበናው ከከሰል ምድጃው ወደ ረከቦቱ ሲመለስ በመካከል የተዘረጋ ገመድ ሰውም ሊጥል፣ ላፕቶፑንም ጎትቶ ሊያወርድ ይችላል። ገመዱን በግድግዳው ሥር፣ ከምንጣፉ ዳር ማስኬድ ከተቻለ ግን ከሁሉም ርካሽና አስተማማኝ ምርጫ ነው።

*ጆይስቲክ።* ለእግር ኳስ፣ ለመኪና ውድድርና ለድብድብ ጌም ኪቦርድና ማውዝ መግዛት አያስፈልግም። ሶፋ ላይ ለመያዝ የተሠራው ይኸው ነው፤ በየፕሌይስቴሽን ቤቱ ያደገ እጅም ለምዶታል። በተቃራኒው ፕሌይስቴሽን 4 ወይም 5 ላይ ኪቦርድና ማውዝ ለመሰካት የሚያስብ ሰው ማወቅ ያለበት ማሽኑ ቢቀበላቸውም የሚሠሩት ጌሙ ራሱ ከፈቀደ ብቻ መሆኑን ነው። ሳያጣራ የገዛ ሰው በሜኑ ላይ ብቻ ሲሠራለት ያዝናል።

| አማራጭ | ሰሌዳ ይፈልጋል? | ፍጥነት | ኃይል | ዋጋ | የሚስማማው |
|---|---|---|---|---|---|
| ርካሽ ኮምቦ | አዎ | ደህና | የባትሪ ድንጋይ | ዝቅተኛ | ስትራቴጂ፣ ረጋ ያሉ ጌሞች |
| ብሉቱዝ | አዎ | መካከለኛ፣ ለመንቃት ይዘገያል | ድንጋይ ወይም ቻርጅ | ከዝቅተኛ እስከ መካከለኛ | ጽሕፈት፣ አልፎ አልፎ ጨዋታ |
| የጌም ደረጃ 2.4 ጊጋ ሄርዝ | አዎ | በጣም ጥሩ | በአብዛኛው ቻርጅ | ከፍተኛ | ተኩስ፣ የኦንላይን ውድድር |
| ባለትራክፓድ ኪቦርድ | የለም | ለማነጣጠር አይሆንም | ድንጋይ | ዝቅተኛ ወይም መካከለኛ | ፊልም፣ ሜኑ |
| ትራክቦል | ለኪቦርዱ ብቻ | ልምድ ይፈልጋል | ድንጋይ ወይም ቻርጅ | መካከለኛ | የእጅ አንጓ ሕመም ላለበት |
| ባለገመድ ከማራዘሚያ ጋር | አዎ | በጣም ጥሩ | አያስፈልግም | ከሁሉ ያነሰ | እስከ 3 ሜትር ርቀት |
| ጆይስቲክ | የለም | ጥሩ | ቻርጅ፣ ድንጋይ ወይም ገመድ | መካከለኛ | እግር ኳስ፣ መኪና፣ ድብድብ |

እንደ ኪስና እንደ ፍላጎት

እጁ ላይ ብዙ ገንዘብ የሌለው ተማሪ፣ ለምሳሌ ከጓደኞቹ ጋር ቤት ተከራይቶ የሚኖር የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ዋየርለስ ሳይገዛ ያለውን ባለገመድ ዕቃ በማራዘሚያ ይጠቀም፤ የቀረውን ለኮምፔንሳቶ ሰሌዳ ያውል። ሰሌዳው ኪቦርዱ ቢቀየርም ይቆያል፤ ላፕቶፕ አስቀምጦ ለማጥናትም ይሆናል።

ትንሽ ልጆች ባሉበት፣ ወይም ገመድ በሳሎኑ መካከል ማለፍ በማይችልበት ቤት ርካሹ ኮምቦ ከማራዘሚያና ከሰሌዳ ጋር ትክክለኛው ምርጫ ነው። ኮምቦው ሲመረጥ የቁጥር ክፍል የሌለው ካለ እሱ ይቅደም፤ ሁለት ዓይነት ድንጋይ የሚበላ ከሆነ ደግሞ አንዱን ዓይነት የሚበላው ይሻላል፤ ቤት ውስጥ የሚቀመጠው ተጠባባቂ ድንጋይ አንድ ዓይነት ብቻ ይሆናልና።

በኦንላይን የተኩስ ጌም ከሌሎች ጋር የሚወዳደር ሰው የጌም ደረጃ ያለውን ማውዝ ይግዛ፤ ነገር ግን በዚህ ቅደም ተከተል፦ ጌም ሞድ፣ ሰሌዳ፣ ማራዘሚያ፣ ማውዝ፣ በመጨረሻ ኪቦርድ። ይህን የምለው በልምድ ነው፤ ኪቦርዱን አስቀድመው ገዝተው ማውዙን ሶፋ ላይ እያንሸራተቱ «ዋየርለስ ለጌም አይሆንም» ብለው ዕቃውን በግማሽ ዋጋ የሸጡ ሁለት ጓደኞች አሉኝ። የበደላቸው ዋየርለሱ አልነበረም።

ኮምፒውተሩ ለቤተሰቡ ሁሉ የሚያገለግል ከሆነና አንዱ እግር ኳስ፣ ሌላው ስትራቴጂ የሚጫወት ከሆነ አንድ ጆይስቲክና አንድ ርካሽ ኮምቦ መግዛት አንድ ውድ ስብስብ ከመግዛት ይሻላል።

ከሱቅ ከመውጣት በፊት

ላፕቶፕ ይዞ መሄድ ያስፈልጋል። ዶንግሉን ሰክቶ፣ ኖትፓድ ከፍቶ፣ የኤ (A)፣ የኤስ (S) እና የዲ (D) ቁልፎችን አንድ ላይ መጫን፤ ሦስቱም ከታዩ ስፔስን መጨመርና ክፍተቱ መምጣቱን ማየት። ከዚያ ማውዙን ይዞ በሱቁ ውስጥ አራት አምስት እርምጃ መራቅ፣ በካርቶን ላይ በዝግታ ክብ መሥራት፣ ጠቋሚው ሲዘል ወይም ሲቆም መመልከት። ላፕቶፑ በጀርባው ወደ ገዢው ቢዞርና በመካከል ሰው ቢቆም ደግሞ ፈተናው የሳሎኑን ሁኔታ ይመስላል። ያገለገለ ዕቃ የሚገዛ ሰው ዋጋ ከመስማማቱ በፊት የማውዙን የባትሪ ክዳን ይክፈት፤ ዶንግሉ ብዙ ጊዜ የሚቀመጠው እዚያ ነው፤ ምላሶቹም አረንጓዴ ወይም ነጭ ዱቄት መሳይ ዝገት ይዘው እንደሆነ የሚታየው በዚያው ጊዜ ነው።